ፈሪ ለተባልነው የኮምቦልቻ ሰዎች

ለአዘጋጁ፦

ሥራ አስኪያጆች ትልልቅ የቴክኖሎጂ ግዢ ላይ ሥጋትን እንዴት እንደሚመዝኑ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። የተጠየቁት ሁሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ይሁን። ለእኛ የደረሰችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የክልል ኃላፊዎች ቴክኖሎጂ ስለሚፈሩ ውሳኔ ያዘገያሉ ትላለች። እናመሰግናለን!

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። በ2014 ጦርነቱ እዚህ ደርሶ ተበተንን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ከሰርቨር ክፍሉ የቀረው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ብቻ ነበር። ንብረት የቆጠርነው ከመጋዘን ወለል በለቀምነው፣ የጫማ ዳና ባረፈበት ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የመጋዘን ካርድ) ነው። አዎ፣ በዚያ ኋላ ቀር ወረቀት።

በ2015 መጀመሪያ አንድ ድርጅት ሙሉ የኮምፒውተር ሲስተም ሊሸጥልን መጣ። ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚደረስበት የሩቅ ሰርቨር)፣ ክፍያው በዶላር። ኢንተርኔት ቢጠፋስ? ስንል «አብሽሩ፣ እምብዛም አያጋጥምም» አሉን። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ፣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ፈርመን ቢሆን ኖሮ ደፋር ተብለን ጋዜጣችሁ ላይ በወጣን ነበር። የላይሰንሱን (የሲስተሙን መጠቀሚያ ፈቃድ) ዕዳ ማን እንደሚከፍል እንጃ።

አንድ ነገር ይደርሳል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ከደረሰ ፋብሪካው ይተርፋል ወይ? አዲስ አበባ ሲስተም ቢበላሽ ቴክኒሻኑ ከሰዓት ይደርሳል። እኛ ጋ ለመድረስ የጣርማ በርን ተራራ ማቋረጥ አለበት፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ መጋዘኑን ብቻ እንሞክር፣ ሰርቨሩ ግቢያችን ይሁን፣ ቅጂው ሌላ ከተማ ይቀመጥ፣ ክፍያውም በየደረጃው ይሁን አልን። ካልሆነ መሀል ላይ ማቆም እንድንችል። እንዲህ ሲሆን ዋጋው ከፍ እንደሚል እናውቃለን፤ ልንከፍልም ዝግጁ ነበርን። ድርጅቱ ወይ ሙሉውን ውሰዱ፣ ወይ ተዉት አለ። ተውነው። (ወጪው በሁለት ዓመት ይመለሳል የሚለው ሰነዳቸው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ላም አለኝ በሰማይ!)

በዘገባችሁ ባለሙያው ባቀረቡት የሥጋት ሠንጠረዥ ውስጥ የሳይበር ጥቃት አለ፣ የሠራተኛ እምቢተኝነት አለ። የመንገድ መዘጋት የለም። ለወራት ኔትወርክ ማጣት የለም። እነዚህን ጨምረው እንደገና ያስሉትና ውጤቱን በዚያው ገጽ አትሙልን።

የፋይናንስ ኃላፊ፣ ከኮምቦልቻ