የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የምንስለው የማንን ልጅ ነው?

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሱፐርሂሮ ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ አነበብሁት። ጥሩ ተጽፏል። አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው ቸኩሏል። የቆዳ ቀለም ነገር የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፣ እኛ ቅኝ ስላልተገዛን አይመለከተንም ብሎ አልፎታል። እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር የግድግዳ ሠዓሊ ነኝ። ከደጀን እስከ ቡሬ ባሉት ከተሞች የኬጂ ግድግዳና አጥር እየሳልሁ ነው ቤተሰቤን የማስተዳድረው። ነገሩ በደንብ ይመለከተናል።

ሥራ ሲሰጡኝ ባለቤቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ምስል ያሳዩኛል። ስፓይደርማን አለ፣ ሱፐርማን አለ፣ ሲንደሬላ አለች። ከነሱ ጎን ደግሞ ቦርሳ ያዘሉ ባለ ቢጫ ፀጉር ልጆች። «ልክ እንደዚህ አድርገህ» ይሉኛል። ለነዚህ ልጆች ፊት ነጭ ቀለም ላይ ትንሽ ቀይና ትንሽ ቢጫ ጣል አድርጌ እበጠብጣለሁ። ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቅብኝ እሱ ነው። ቡናማው የሚሄደው ለዛፍ ግንድና ለዝንጀሮ ነው። ግቢው ውስጥ የሚሯሯጡትን ልጆች ስታዩ ግን ጠይም አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ። ቢጫ ፀጉር ያለው አንድም የለም።

መሰላል ላይ የወጣ ሠዓሊን ልጆች ይረሱታል። ስለዚህ ጨዋታቸውን እንዳለ እሰማለሁ። አንድ ቀን ስፓይደርማንን እየጨረስሁ ሳለ ከሥሬ እሱኑ ይጫወታሉ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ሁለቱን የመሐል ጣቶች አጥፈው፣ «ጭው!» እያሉ ድር ይረጫሉ። አንድ ጠቆር ያለ ልጅ ተራዬ ነው አለ። ከፍ የሚለው ልጅ «አንተ አትሆንም፣ ስፓይደርማን ነጭ ነው። አንተ ሌባው ሁን» አለው። ልጁ አልተከራከረም። ሌባ ሆኖ ሮጠ። የለመደው እንደሆነ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የስፓይደርማን ልብስ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነው የሚሸፍነው። ግድግዳው ላይ ከሳልሁት ሰው የጣት ያህል ቆዳ እንኳ አይታይም። ቀይና ሰማያዊ ብቻ ነው። ታዲያ ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከጭምብሉ ሥር ያለው ፊት ነጭ ነው ብሎ ማን ነገረው? ከልካዩ ራሱ እኮ ጠይም ነው። ፊልሙ ነግሮታል፣ የደብተሩ ሽፋን ነግሮታል፣ ባለቤቶቹ የሚያዙን ባለ ቢጫ ፀጉር ልጆች ነግረውታል።

ከመሰላሉ ወርጄ ስልኬ ላይ ማይልስ ሞራሌስን አሳየኋቸው። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ የፖርቶ ሪኮ ዘር ያላት፣ የብሩክሊን ልጅ ነው። ማርቭል የተባለው የኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 የስፓይደርማንን ልብስ አለበሰው። በ2018 የወጣው የአኒሜሽን ፊልሙ ኦስካር ወስዷል። ሌባ የተደረገው ልጅ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለኝ። «ፀጉሩ እንደኔ ነው» አለ።

በሌላ ከተማ የገጠመኝ ደግሞ ይብሳል። አንዲት የኬጂ ባለቤት «ጎበዝ ልጅ» እና «ባለጌ ልጅ» የሚል ሥዕል አዘዙኝ። ጎበዙ እጁን ይታጠባል፣ ባለጌው ድንጋይ ይወረውራል። ሁለቱንም ከአንድ ጣሳ ቀለም ጠይም አድርጌ ሳልኋቸው። መጥተው አዩና፣

«ወንድሜ፣ ባለጌውን ጠቆር አድርገው። ጎበዙ ቀላ ይበል» አሉኝ።

«ለምን እትዬ?»

«ልጆቹ እንዲለዩት ነዋ።»

«ድንጋይ ይዟል እኮ። ይለዩታል።»

«ወላጅ የሚያየው ፊቱን ነው። አንተ ዝም ብለህ ያልሁህን ሥራ።»

አልሠራሁትም። ቀሪ ሒሳቤን ሳይከፍሉኝ በሌላ ሠዓሊ አስጨረሱት። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደሉም። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ልጆቹን አንድ በአንድ ሲስሙ አይቻለሁ። ያሉት ሁላችንም ስንሰማው ያደግነውን ነው። ሙሽራ ስትወደስ ቀድሞ የሚነሳው ቅላቷ ነው። ጠቆር ያለን ልጅ ሰፈር ውስጥ ምን ብለን እንደምንጠራው፣ ስድቡም ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ጋዜጣ ላይ አልደግመውም። በዚህ አገር ሰው ይሸጥና ይገዛ ነበር። ነጭ አልገዛንም ማለት ከዚህ ነፃ አያወጣንም።

አሜሪካ ውስጥስ ቢሆን ነገሩ በራሱ ጊዜ ተስተካከለ? ሠዓሊና አሳታሚ ተጣልተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጥቁር ሰው በነሱ ኮሚክ ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ አሽከር ወይም መሳቂያ ነበር። ከንፈሩ ፊቱን የሚያክል፣ ዓይኑ የፈጠጠ። ዊል አይስነርን የሚያህል የተደነቀ ሠዓሊ እንኳ ኢቦኒ ዋይት የሚባለውን ልጅ የሳለው እንዲህ ነው። በ1947 ኦሪን ኢቫንስ የተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ ፊላደልፊያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በጥቁር ባለሙያዎች የተሠራ ኮሚክ አሳተመ። ሁለተኛው እትም ሳይወጣ ቀረ።

እኔን እንደ ባለሙያ ከሁሉም በላይ የነካኝ በ1953 የወጣ አንድ አጭር ታሪክ ነው። «የፍርድ ቀን» ይባላል። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው ስልኬ ላይ የጫነልኝ። ሮቦቶች ብቻ የሚኖሩባት ዓለም አለች። ወደ ትልቁ የጠፈር ሕብረት ለመግባት ደርሰው እንደሆነ የሚያይ መርማሪ ከመሬት ይላካል። ብርቱካናማዎቹ ሮቦቶች ተመችቷቸው ይኖራሉ። ሰማያዊዎቹ ዳር ተገፍተዋል። መርማሪው ፋብሪካቸው ገብቶ ሲያይ ውስጣቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ከላይ የለበሱት ቀለም ብቻ ነው። ገና አልደረሳችሁም ብሏቸው ይሄዳል። መጨረሻው ሥዕል ላይ መንኮራኩሩ ውስጥ ገብቶ የራስ ቁሩን ያወልቃል። ጥቁር ሰው ነው። ፊቱ ላይ የላብ ጠብታ ያብረቀርቃል።

በ1956 ይኸው ታሪክ እንደገና ሊታተም ሲል የኮሚክ ሳንሱር ኃላፊው ሰውየው ጥቁር መሆን የለበትም አለ። አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ እምቢ አለ። ሳይነካም ታተመ። ያቺን ላብ ስልኬ ላይ እያሰፋሁ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ጥቁር ቆዳ ላይ ብርሃን ማሳረፍ ከባድ ነው። ትንሽ ነጭ ከበዛ ፊቱ አመድ ይመስላል። ሠዓሊው ጆ ኦርላንዶ ተጠንቅቆ፣ ሰውየውን አክብሮ ነው የሳለው። ያን ፊት ነጭ አድርገው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሞቶ ነበር።

ብላክ ፓንተር የሚባለው ጥቁር የኮሚክ ጀግና የመጣው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1966 ነው። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ናቸው የፈጠሩት። ንጉሥ ነው፣ የተማረ ነው፣ አገሩ አልተገዛችም። እዚያም ግን እንከን አልጠፋም። ከሦስት ዓመት በኋላ ባላንጣው ምባኩ ሲመጣ የጎሪላ ቆዳ አልብሰው የዝንጀሮ ስም ነበር የሰጡት። በ2018 የወጣው የብላክ ፓንተር ፊልም ያን ስም ጣለው። ምባኩ በሕዝቡ የተከበረ የተራራ መሪ ሆነ።

ያን ፊልም እኛ ከተማ ወጣቶች ሲያዩት አብሬ ነበርሁ። ንጉሡ ሲወጣ ጭብጨባው ደስ ይላል። ከንጉሡ የምክር ቤት ሽማግሌዎች አንዱ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጓል። እሱ ሲታይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይህ ገል እኮ የኦሞ ወገኖቻችን የሱሪና የሙርሲ ጌጥ ነው። ሆሊውድ ከንጉሥ ጎን በክብር ያስቀመጠውን የገዛ አገሩ ልጅ ሳቀበት። እኔ ያን ማታ ተናድጄ ነው የገባሁት።

የጎጃም ሠዓሊ ደግሞ ሌላ መንገድ ያውቅ ነበር። ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይስሉታል። ክፉውን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይን። እርግጥ ሰይጣንን ያጠቁሩታል። ክፉ ሰውን የሚያስታውቁት ግን በዓይኑ ነው።

ዛሬም ሰው አላጣንም። ብሥራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ጀግናው የአዲስ አበባ ወጣት ነው። በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» የምናውቃት ብሩክታዊት ጥጋቡም ጥበብ የለበሱ ልጃገረዶች ጀግና የሆኑበትን አኒሜሽን ሠርታለች። የእኛው በላይ ዘለቀስ? ጣሊያንን በዚህ በእኛ አገር መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣ ሰው ነው። ፎቶው አለ። ጎፈሬው ብቻውን ለሠዓሊ ስንት ሥራ ነው! በላይ ዘለቀን ሳልልን ያለኝ ኬጂ ግን እስካሁን የለም።

ስፓይደርማን ይፋቅ አላልሁም። ልጆች ይወዱታል፣ እኔም ስስለው ደስ ይለኛል። የምለው ከጎኑ የሚቆሙት ልጆች የዚሁ ከተማ ልጆች ይሁኑ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ያድሳሉ። ባለቤቶች፣ ለሠዓሊ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ምስል ከምታሳዩት ወላጅ አስፈቅዳችሁ የተማሪዎቻችሁን ፎቶ አሳዩት። ዋጋው አይጨምርም። ቀይ፣ ቢጫና ትንሽ ጥቁር ሲደባለቅ ቡናማ ይወጣል። ቢጫና ነጭ ጨመር ሲደረግ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር ጨመር ሲደረግ ጠቆር ያለው ልጅ ይመጣል። ወላጆችም ልጅ ስታስመዘግቡ ስለ ክፍያው ብቻ አትጠይቁ። ግድግዳውንም ዞር ብላችሁ እዩት።

እናንተም አዘጋጆች አንድ ነገር አለባችሁ። የልጆች ገጻችሁ ላይ ከተረቱ ጎን የምታወጡት ሥዕል ከኢንተርኔት የተነሳ ነው። በቅርቡ ያወጣችሁት የእረኛ ተረት ላይ እረኛው ሰማያዊ ዓይን ነበረው። በጎጃም እንዲህ ያለ እረኛ የለም። ሠዓሊ ከቸገራችሁ እኔ አለሁ፣ ገንዘብ አልጠይቅም። የሚቀጥለውን ተረት አስቀድማችሁ ላኩልኝና እረኛውን እስልላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የግድግዳ ሠዓሊው፣ ከደብረ ማርቆስ