ምንጣፋቸውን ያጥቡላቸው የነበሩት ልጆች

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ከፋሲካ በኋላ በስልክ ስንጨዋወት «እነዚያን የሲራክዩስ ልጆች ዛሬ ማን ያስታውሳቸው ይሆን?» ብለው ጠይቀውኝ፣ መስመሩ ተቋርጦ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ጥያቄው ግን ከልቤ ስላልወጣ ተረጋግቼ ልጽፍልዎት ወሰንኩ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አስፍሬያቸዋለሁ፤ እዚያ ሳሉ እርስዎም የሚቆጥሩት በዚያው ነበርና።

ቀን እየተማሩ ማታ ማታ በአሜሪካው የሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አዳራሽ በጽዳት ሠራተኛነት ይሠሩ እንደነበር፣ የትግል ቡድኑ ልጆች ከልምምድ ሲወጡ ጭርት እንዳይጋባባቸው የትግሉን ምንጣፍ በመድኃኒት እያሹ ያጥቡ እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። ሥራው የሚጀመረው ልምምዱ ሲያልቅ ቢሆንም፣ እርስዎ ቀደም ብለው እየደረሱ መጥረጊያዎን ተደግፈው ይመለከቱ ነበር። በልጅነትዎ ከብት ሲጠብቁ መስክ ላይ ይታገሉት ከነበረው ትግል ጋር ሲያስተያዩት፣ ልዩነቱ በመውደቁ ሳይሆን ከወደቁ በኋላ ባለው ነው ይሉኝ ነበር፤ በእኛ አገር የወደቀ ተሸንፏል፣ በእነርሱ ግን ሁለቱ ትከሻዎች ምንጣፉን እስኪነኩ ድረስ ገና ምኑም አላለቀም።

ከእርስዎ በፊት የነበሩትን በወሬ ነው የሚያውቋቸው። አርት ቤከር በ1959 በ191 ፓውንድ የክብደት ምድብ የአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት መኸርም ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ እግር ኳስ የአገሪቱ አንደኛ ሲባል ከተጫዋቾቹ አንዱ እርሱ ነበር። ጂም ናንስም እንዲሁ የሁለቱም ስፖርት ሰው ነበር። በከባድ ሚዛን በ1963ና በ1965 ካሸነፈ በኋላ ወደ ቦስተን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ሄዶ፣ በ1966 ኳስ ይዞ 1,458 ያርድ በመሮጥ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። በዚያ ዘመን ለጥቁር ወጣት ምንጣፍ ላይ ወጥቶ ማሸነፍ ምን ማለት እንደነበር ያስረዱኝ እርስዎ ነዎት።

እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ግን ጂን ሚልስን ነው። 118 ፓውንድ፣ ማለትም 53 ኪሎ ተኩል ገደማ የሆነ ሰውነት ይዞ በ1979ና በ1981 ሻምፒዮን የሆነውን፣ በኮሌጅ ዘመኑ 107 ተጋጣሚዎችን ትከሻቸውን ምንጣፍ ያስነካውን ማለቴ ነው። ነጥብ እየቆጠረ ጊዜ ማሳለፍን የማያውቅ፣ ፊሽካው ከተነፋ ጀምሮ ሰውን ገልብጦ ለመጨረስ ብቻ የሚጣደፍ ልጅ ነበር ይሉ ነበር። በ1980 ከኦሊምፒክም ይከብዳል ይባል የነበረውን የትብሊሲ ውድድር በሶቪየቶቹ ሜዳ አሸንፎ ተመለሰ። ለሞስኮ ኦሊምፒክም ተመረጠ፤ ሆኖም ሶቪየቶቹ አፍጋኒስታንን በመውረራቸው አሜሪካ ስላልተሳተፈች ሳይሄድ ቀረ፤ ከዚያም በኋላ የኦሊምፒክን ምንጣፍ አልረገጠም።

አባባ፣ በዚያ በጋ ሆኖ የነበረውን ሲያወሩልኝ ድምፅዎ እንዴት እንደሚለወጥ አስታውሳለሁ። ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ በአምስትና በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ በደስታ አልቅሰዋል፤ ማታ ደግሞ የዚያን ልጅ ምንጣፍ ሲያጥቡ አዝነዋል። ምሩጽም ከአራት ዓመት በፊት አፍሪካውያን የሞንትሪያሉን ኦሊምፒክ ጥለው ሲወጡ ሳይሮጥ መቅረቱን ያውቁ ነበርና። ለምሩጽ ሌላ አራት ዓመት ተሰጠው፤ ለሚልስ አልተሰጠውም። እኔ ስለ ስፖርት የማውቀው ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ወግ ነው።

የመጨረሻው ማርክ ኬር ነው። በ1992 በ190 ፓውንድ ፍጻሜ፣ ኋላ በድብልቅ ፍልሚያ ዓለም ያወቀውን ራንዲ ኩቱርን ሲያሸንፍ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጋዜጣውን በቁርስ ገበታ ላይ ጮክ ብለው እንዳነበቡልን አልረሳሁትም። ናንስ ያረፈውም በዚያው ዓመት ነበር።

በ1997 ዩኒቨርሲቲው ትግልንና የወንዶች ጅምናስቲክን ለማቆም ወሰነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈጽሞ አበቃ። ስለዚህ ጉዳይ ሁለታችን ተከራክረን ስለምናውቅ ሐሳቤን በግልጽ ልጻፍልዎት። ሴቶች ተማሪዎች እንደ ወንዶቹ እኩል የስፖርት ዕድል እንዲያገኙ ያስገደደው የ1972ቱ ሕግ ትክክለኛ ሕግ ነው፤ እኔም በተማሪነቴ የሮጥኩት በእርሱ ምክንያት ነው። የሚያንገበግበኝ ግን የሒሳቡ አሠራር ነው። በትልቁ የኮሌጅ ደረጃ አንድ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን እስከ 85 ተጫዋቾች ሙሉ የትምህርት ወጪያቸው ሲሸፈን፣ ለመላው የትግል ቡድን የተፈቀደው አሥር እንኳ የማይሞላ ነበር። የሴቶቹንና የወንዶቹን ሚዛን ማስተካከል ሲያስፈልግ ግን በብዙ ኮሌጆች ትልቁ ሳይነካ ትንሹ ተቆረጠ። ቤከርና ናንስ ሁለቱንም ስፖርት ችለው ያሳዩ ሰዎች ስለነበሩ ይህን ሳስብ ይበልጥ ይከፋኛል።

ስለዚህ «ማን ያስታውሳቸው ይሆን?» ላሉት፣ አብረዋቸው የታገሉትና ያሠለጠኗቸው ያስታውሷቸዋል፤ ስማቸውም በሻምፒዮኖቹ መዝገብ ላይ እንደሰፈረ ነው። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ላባቸውን ከምንጣፉ ላይ ያጠበ ሰው የሚያስታውሰው ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። እባክዎ፣ ዓይንዎ ሳይደክም የሚያስታውሱትን ሁሉ በእጅ ጽሑፍዎ ያስፍሩልኝ፤ ለገና ስመጣ እወስደዋለሁ።

አንድ ያልነገርኩዎት ወሬም አለ። የልጅ ልጅዎ በትምህርት ቤቷ የሴቶች የትግል ቡድን ገብታለች። የሴቶች ትግል ከ2026 ጀምሮ በኮሌጆች የራሱ ብሔራዊ ሻምፒዮና ያለው ስፖርት ሆኗልና አሠልጣኟ ብትበረታ ሩቅ ትሄዳለች ይላሉ። እርስዎ መስክ ላይ እግር ጠልፈው ይጥሉበት የነበረውን ዘዴ ነግሬያት ቀኑን ሙሉ ስትጠይቀኝ ዋለች። መጀመሪያ የሚጠለፈው የትኛው እግር እንደሆነና እጅ የት መያዝ እንዳለበት ስላላወቅሁ፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ይህንን ይጻፉላት።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ