ያላረፍሽውን አርፌያለሁ ብለሽ አትፈርሚ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እሁድ ከማርሴይ ስትደውዪ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ልብ ለልብ ሳናወራ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ሆዴን ሲበላው ሰነበተ። ይኼው ጻፍኩልሽ፤ ወደብ ስትደርሱ ታነቢዋለሽ።

አልጋ በምታነጥፊበት የመንገደኞች መርከብ ላይ የወሩን የሥራና የእረፍት ሰዓት መዝገብ አምጥተው ፈርሚ እንዳሉሽ ነግረሽኛል። ወረቀቱ ላይ የሠራሽው አንሶ፣ ያረፍሽው በዝቶ ተጽፏል። «ሁሉም ይፈርማል እማዬ፣ እኔ ብቻዬን ምን ልበል?» አልሽኝ። እኔ የማውቀው የሆቴል ሥራ እንጂ መርከብ አይደለም። ስለዚህ የአክስትሽን ልጅ ጠየቅኩት። ባቦጋያ ባለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ተምሮ በጭነት መርከብ ላይ ኢንጂነር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለእረፍት መጥቶ ነበር፤ ሐዋሳ ድረስ መጥቶ ሕጉን በስልኩ ከፍቶ እያነበበ አስረዳኝ።

ሕጉ የባሕር ላይ ሠራተኞች ስምምነት ይባላል። በፈረንጆቹ 2006 ጄኔቫ ላይ ጸድቆ፣ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። የካፒቴንና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። አልጋ የምታነጥፈውም፣ ሳህን የሚያጥበውም በዚህ ሕግ እንደ ባሕረኛ ይቆጠራል።

ስለ ሰዓት የሚለው እንዲህ ነው። ወይ ሥራው በ24 ሰዓት ከ14፣ በሰባት ቀን ከ72 ሰዓት አይበልጥም፤ ወይ ደግሞ እረፍቱ በ24 ሰዓት ከ10፣ በሰባት ቀን ከ77 ሰዓት አያንስም። ከሁለቱ የቱን እንደሚከተል የሚወስነው መርከቡ ባንዲራውን የሚያውለበልብለት አገር ነው። የአንቺ መርከብ የፓናማ ነው፤ የቱን እንደያዘ ኮንትራትሽ ላይ ፈልጊ። እስኪ አስቢው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 77 ሲነሳለት 91 ሰዓት ይቀራል። እዚህ የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፣ አንድ ቀን እረፍትም ይሰጣል። የባሕሩ ሕግ ራሱ ልቅ ነው ልጄ። ይህን የሚያህል ልቅ ሕግ እያለ እሱንም ሲያልፉት ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

አሥሩን ሰዓት ደግሞ እንደፈለጉ መቆራረጥ አይችሉም። ቢበዛ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ከስድስት ሰዓት አያንስም። እዚህ አንድ ሰዓት፣ እዚያ ሁለት ሰዓት እየለቃቀሙ አሥር ሞላልሽ ቢሉሽ ውሸት ነው።

ከሁሉ የሚከብድሽ ተሳፋሪ የሚቀያየርበት ቀን እንደሆነ ይገባኛል። የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት እዚህ ምን እንደሚመስል አይተሻል። ፎቁ ሙሉ በአንድ ጠዋት ይለቃል፣ ኮሪደሩ በቆሻሻ አንሶላ ይሞላል፣ ከሰዓት ደግሞ አዲሱ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል። ለእኛ ታኅሣሥና ሐምሌ የሚመጣው ለአንቺ በየሳምንቱ ነው። ወገብሽን ያመመሽም ከዚህ ነው። ፍራሹን ጎንበስ ብለሽ አታንሺው። አንድ ጉልበትሽን መሬት አስነክተሽ፣ ክንድሽን ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ ጥጉን ብቻ ከፍ አድርጊና አንሶላውን በመዳፍሽ ግፊው። ጋሪውን ደግሞ ግፊው እንጂ አትጎትቺው። ሁልጊዜ የምነግርሽ ነው፤ ስትቸኩዪ ትረሺዋለሽ።

ሕመሙንም አትደብቂ። ሐኪሙ ጋ ሂጂና ጽሑፍ ላይ ይስፈር። ሥራ ላይ ለታመመ የሕክምናው ወጪ የመርከቡ ባለቤት ነው። የአገሩ ሕግ ጊዜውን ቢገድበው እንኳ ከ16 ሳምንት ማነስ አይችልም። ፊርማውን የፈራሁትም ለዚህ ነው። አያድርገውና ደክሞሽ ደረጃ ላይ ብትወድቂ፣ ያ ወረቀት «ጠግባ ተኝታ ነበር» ብሎ ይመሰክርብሻል። ፊርማው ደግሞ የራስሽ ነው።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ትንሽ ደብተር ያዢ። የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ማታ ሳትተኚ ጻፊ። የእሳትና የጀልባ ልምምዱንም፣ ከፈረቃሽ ውጪ የጠሩሽንም አትርሺ። የመዝገቡ ኮፒ ደግሞ ለአንቺ የሚሰጥሽ መብትሽ ነው፤ ጠይቂ። ሰዓቱ ካልተስማማ በትሕትና «ይስተካከልልኝና እፈርማለሁ» በይ። በቁጣ አይሁን፣ ብቻሽንም አትሂጂ። ያቺ የካቢን ጓደኛሽ ፊሊፒናዊቷ ብዙ ዓመት ሠርታለች ብለሽኛል፤ እሷን አማክሪ። የመርከቡ የአቤቱታ ደንብ ኮፒም ሊሰጥሽ ይገባል። አቤት ስትዪ ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ፤ አቤት ያለን ሰው መበቀልም ክልክል ነው። እዚያ ካልተፈታ ወደብ ላይ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች አሉ። ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽንም በትልልቅ ወደቦች የራሱ ሰዎች አሉት። ባርሴሎና ስትደርሱ ስቴላ ማሪስ የሚባለውን የባሕረኞች ቤት ጠይቂ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ መንገድ ያሳዩሻል።

ኮንትራቴን ላያድሱልኝ ይችላሉ ብለሽ ትፈሪያለሽ። ክልክል ነው ማለት አይደረግም ማለት አይደለም፤ አልዋሽሽም። እኔ ግን ጤነኛ ሆነሽ ሥራ ብትፈልጊ እመርጣለሁ። ሐዋሳ ሆቴል ሞልቷል፣ እጅሽም ሙያ አለው።

ሌላ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ አንቺን አይቶ መርከብ ልሂድ ብሏል። አንድ ደላላ ለማስቀጠሪያ ብዙ ብር ጠይቆታል። እንዳይከፍል ነገርኩት። ለፓስፖርቱ፣ ለሕክምና ምርመራውና ለባሕረኛ ደብተሩ ራሱ ይከፍላል፤ ለመቀጠር ግን ከባሕረኛ ገንዘብ አይወሰድም። የቪዛው ወጪም የመርከቡ ባለቤት ነው። አንቺም ደውለሽ ንገሪው፤ እኔን ብዙም አልሰማኝም።

ካቢን ውስጥ ዕጣንና ጧፍ እንዳታበሪ። ቡና ቢናፍቅሽም ማሞቂያ ደብቀሽ አትሰኪ። በዚህስ እነሱ ልክ ናቸው፤ በባሕር መሃል እሳት ምን መሸሻ አለው? ጸሎትሽን ያለ ጧፍም ይሰማሻል።

የዚህን ወር ብር አትላኪ። ጣሪያው ክረምት እስኪመጣ ይቆያል። ባለሽ ብር ጥሩ የሥራ ጫማ ግዢ፣ የአሁኑ ሶሉ አልቋል ብለሽኝ ነበር። የሚቀጥለውን መዝገብ ሲያመጡልሽ ሳትፈርሚ በፊት ፎቶ አንስተሽ ለአክስትሽ ልጅ ላኪለት። ጥር ላይ ተመልሶ ስለሚሳፈር ከዚያ በፊት ይሁን።

እናትሽ፣ ከሐዋሳ