ጉዳዩ፦ የቀየራችሁልን የኦክስጅን ፕሮብ ስላበላሸብን ሥራ

ለጥገና ክፍል ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተ በገዛነው ባለ 5 ሊትር ፈርመንተር (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ማሽን) ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ እናሳድጋለን። በፍላስክ ሲሆን ኦዲው (የባክቴሪያውን ብዛት በፈሳሹ ድፍርስነት የሚያሳየው ቁጥር) ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። እዚህ ግን ግሉኮስ በትንሽ በትንሹ እየመገቡ ከ100 በላይ ማድረስ ይቻላል፤ ኦክስጅን እስካልጎደለ ድረስ።

ባለፈው ወር ቴክኒሻናችሁ መጥቶ ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ፕሮብ ቀየረ። ኦክስጅን በሌለበት ዜሮ ማንበቡን በናይትሮጅን እንፈትሸው ስንለው «ተፈትሾ ነው የመጣው» ብሎን ሄደ። አመንነው።

ከዚያ በኋላ ስናሳድግ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኦዲው 18 ነበር። ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ። ስክሪኑ ኦክስጅን 35 ፐርሰንት ይላል። ማማሰያው ፍጥነት የሚጨምረው ከ30 ሲወርድ ስለሆነ በዝግታ ይዞራል። አሲዱን የሚያረክሰው የአሞኒያ ጠርሙስ ግን ዓይኔ እያየ ይጎድላል። ፓምፑ ጠብ ጠብ ማድረጉን ትቶ ያለማቋረጥ ይገፋል። አሲድ በዝቷል ማለት ነው። ባክቴሪያው ትንፋሽ ሲያጥረው ግሉኮሱን ወደ አሴቴት ይቀይራል፤ አሴቴቱ ደግሞ መልሶ እድገቱን ያንቀዋል።

አየሩን ለአንድ ደቂቃ ዘጋሁት። ያን ያህል ባክቴሪያ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለመጨረስ ሰከንዶች ይበቁታል። ቁጥሩ ግን 35 ላይ እንደተቸነከረ ቀረ። ጠዋት ፕሮቡን አውጥቼ ጫፉን በመብራት ሳየው ስስ ሽፋኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች።

ስንደውልላችሁ «የአያያዝ ችግር ነው» ተባልን። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የማስተርስ ተማሪያችን ሳትተኛ ያደረችበት ሥራ ነው የተደፋው።

ሌላም ነገር አለ። ስንገዛ «ንጹህ ኦክስጅን መቀላቀያ አያስፈልጋችሁም፣ አየር ይበቃል» ብላችሁናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እዚህ ፈሳሹን በአየር ሞልተን 100 ፐርሰንት ብለን የምናስተካክለው ኦክስጅን ራሱ ባሕር ዳርቻ ካለው ያንሳል። ማሽኑ የት እንደሚተከል እያወቃችሁ ይህን ልትነግሩን ይገባ ነበር።

ስለዚህ በ10 ቀን ውስጥ ሌላ ፕሮብ ያለ ክፍያ እንድትተኩልን፣ ቴክኒሻኑም ዜሮውን እኛ ፊት በናይትሮጅን እንዲፈትሽ እጠይቃለሁ። የኦክስጅን መቀላቀያውን ዋጋም በጽሑፍ ላኩልን። የዚያን ሌሊት መዝገብና የሽፋኑን ፎቶ አያይዣለሁ። ፕሮቡ እኛው ጋ ተቀምጧል፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
የላቦራቶሪው ኃላፊ