«ዋናው ሐኪም የታለ?» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ካርድ ክፍል ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ቅሬታ አለ። «ከአጋሮ ድረስ የመጣሁት ዶክተሩን ብዬ ነው፣ ሲስተር አይታ ሸኘችኝ» የሚል። ሰው ሥራውን ትቶ፣ የሚኒባስና የባጃጅ ከፍሎ መጥቶ የጠበቀውን ሰው ሳያገኝ ሲቀር ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ስለዚህ እዚህ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒካችን ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ፣ እናንተንም ለምን ያ ባለሙያ እንዳያችሁ በግልጽ እንንገራችሁ።

ሳይካትሪስታችን አንድ ናቸው። መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ሆነው፣ ከዚያ በላይ ሦስት ዓመት የአእምሮ ሕክምና ተምረዋል። ይህ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፤ ቁጥራቸው ዛሬም የሚያጠግብ አይደለም። የእሳቸውን ሰዓት የምንቆጥበው ለዚህ ነው። አዲስ ታካሚ ሁሉ እሳቸው ጋር ይገባል። መድኃኒት የሚጀምር፣ የሚቀይር ወይም የሚያቆም ሰውም እንዲሁ። ልቤ ይመታል፣ ይጨንቀኛል፣ ከሳሁ የሚል ሰው ሲመጣ ችግሩ የእንቅርት ሆርሞን ሊሆን ይችላልና ደም አስመርምረው ይለያሉ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ቫልፕሮዌት (ለስሜት መዋዠቅና ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነ ሳትውል ሳታድር እሳቸው ጋር ትገባለች፤ መድኃኒቱ ፅንስን ይጎዳል። ግን በራሷ እንዳታቆመው፣ ያም ሌላ ጣጣ አለው።

አሁን ወደ ሲስተር እንምጣ፤ ብዙው ቅሬታ እሷ ላይ ነውና። የሳይካትሪ ነርሶች በዚህ አገር የአእምሮ ሕክምናን ለዓመታት ተሸክመውታል። ሐኪም በሌለበት ዘመን አማኑኤል ሆስፒታል ሠልጥነው በየክፍለ ሀገሩ ክፍሉን ከፍተው ይዘው የቆዩት እነሱ ናቸው። የእኛዋ ሲስተር የምታየው ሕመሙ የረጋለትንና ለክትትል የሚመጣውን ሰው ነው። መጀመሪያ የምትለው «እስቲ ኪኒንህን አምጣው» ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትቆጥራለች። የ30 ቀን መድኃኒት ወስዶ በ28ኛው ቀን የመጣ ሰው እጅ ላይ ሁለት ፍሬ ነው መቅረት ያለበት፤ 11 ከቀረ ወሬው ከዚያ ይጀምራል። እንቅልፍ አብዝቶበት ነው? ተሻለኝ ብሎ ነው? ጎረቤት «ሱስ ያስይዛል» ብሎት ነው? ወይስ ረመዳን ገብቶ ሰዓቱ ተምታቶበት? (ረመዳን ሲቃረብ ንገሩን፣ ብዙውን መድኃኒት ወደ ማታ ማዞር ይቻላል።) የሞዲኬት መርፌ (ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ) ለሚወስዱት ደግሞ እጃቸውን አስዘርግታ መንቀጥቀጡን፣ አንገትና መንጋጋቸው መገተሩን ታያለች። እሷ ያልወደደችው ነገር ካለ በር አንኳኩታ ዶክተሩ ጋር ትገባለች። እሷ ብቻ አየችን ብላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ ዶክተሩ ራሳቸው መጀመሪያ የሚያነቡት የእሷን ማስታወሻ ነው።

ሌሎቹ ሁለቱ በተለምዶ «ዶክተር» የምትሏቸው ናቸው፤ ሲጠሩ ያፍራሉ እንጂ አያርሟችሁም። የአእምሮ ጤና ስፔሻሊስቶች ናቸው፣ ማስተርሳቸውን እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ፤ ትምህርቱ ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር የተቋቋመ ነው። መርምረው መድኃኒት ያዝዛሉ፣ የሚጥል በሽታ ክትትልም እነሱ ጋር ነው። ፌኖባርቢታል የምትወስዱ፣ አደራ፣ በአንድ ጊዜ አታቁሙት፤ ሳያባራ የሚጥል ሕመም ያመጣል።

ቀጥሎ «ወሬ ለማውራት ብር እከፍላለሁ እንዴ?» የሚባልለት ሳይኮሎጂስታችን። መድኃኒት አያዝም፤ ሥራው አይደለም። ግን 50 ደቂቃ የሚወስደው ንግግር ቡና ላይ እንደምናወራው አይደለም። ለምሳሌ ድንገት ልቡ እየመታ «ሞትኩ» ብሎ ድንገተኛ ክፍል የሚሮጥ፣ ኢሲጂው (የልብ ምርመራው) ሁሌ ንጹህ የሆነ ሰው አለ። ሳይኮሎጂስታችን ያንን ሰው ምን ሲያስብ ልቡ እንደሚነሳ በወረቀት ያስጽፈዋል፣ አተነፋፈስ ያለማምደዋል፣ የቤት ሥራ ሰጥቶ ከሸሸው ታክሲ ወይም ገበያ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። አንድ ቀን መጥቶ መቅረት ግን ዋጋ የለውም። ያንኑ ያህል ፍሎክሰቲንም (የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት) በአንድ ሳምንት አይፈረድበትም፤ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

ጫትን በተመለከተ ሁሉም ባለሙያዎቻችን ይጠይቋችኋል። ጅማ ነው ያለነው፣ ማንም አይቆጣችሁም። ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ምርቃናው አልበርድ ሲለው ማታ የእንቅልፍ ኪኒን የሚጠይቀን ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ካልነገራችሁን መጠን እየጨመርን እንሄዳለን። ጨብሲውን (ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣውን መጠጥ) ከዲያዜፓም፣ ማለትም ከእንቅልፍ ኪኒኑ ጋር መደረብ ደግሞ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል፣ ይሄ ቀልድ የለውም። ጸበልም ሩቅያም የሚሄድ ይሂድ፣ አንከለክልም፤ ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ።

ስለ ቋንቋ፦ ልጅ ለአባቱ ሲያስተረጉም አባትየው እኩሉን ይውጠዋል፣ ደጋግመን አይተነዋል። አፋን ኦሮሞ የሚቀላችሁ ካርድ ስታወጡ ንገሩ፣ የሚያናግራችሁን ባለሙያ እንመድባለን። አስታማሚም ይግባ፣ ግን ለብቻችሁ የምናወራበት ጊዜ ይኖራል።

ከመርካቶ እስከ አጂፕ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ከተማ ስለሆነ ምስጢሬ ይወጣል ብላችሁ አትስጉ። ወንድም ነኝ፣ ባል ነኝ እያለ ለሚደውል አንነግርም። ሕይወታችሁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ነው ዝም የማንለው። እሱንም ቀድመን ለእናንተው እንነግራችኋለን።

እኛ የተመላላሽ ክሊኒክ ነን፣ አልጋ የለንም፤ ማታም ዝግ ነን። ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ፣ የሚያስፈራራ ወይም እህል ውኃ እምቢ ያለ ሰው ካላችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ይጨናነቃል፤ ከዴዶና ከሰቃ የምትመጡ ከቻላችሁ ሌላ ቀን ምረጡ። ቡና ለቀማ ላይ ሆናችሁ መምጣት ካልቻላችሁም መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ደውሉ፣ ቀኑን እናዞርላችኋለን። ስትመጡ የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ ባዶም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑ።

የክሊኒኩ ባልደረቦች
ጅማ