ጠርሙሱን የረሳው ሒሳብ፦ የንግድና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡ ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በ36 አባላትና በ3,000 ብር ካፒታል ነው። ገንዘቡ የተገኘው እያንዳንዳቸው 50 ብር የሆኑ 60 አክሲዮኖች ለአባላቱ ተሸጠው ነው። አንድ ተማሪ ከሦስት አክሲዮን በላይ እንዳይገዛ ተወስኗል፤ አለዚያ የኪስ ገንዘቡ የደለበ ልጅ ብቻውን ወሳኝ ይሆን ነበር።

ምርታችን ፈሳሽ ሳሙና ነበር። ደረቅ ሳሙና ካውስቲክ ሶዳ ስለሚፈልግ፣ እሱም ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል አልፈቀድንም። ለ20 ሊትር 2 ኪሎ ቴክሳፖን (አረፋ የሚሰጠው ወፍራም የሳሙና ግብዓት)፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ጨው፣ ጥቂት ሲትሪክ አሲድ፣ ሽቶና ቀለም ይበቃል። ቴክሳፖኑ በመጀመሪያ በትንሽ ውሃ እስኪላላ ይማሰላል፣ ከዚያ የቀረው ውሃ ቀስ እየተባለ ይጨመርበታል። በኃይል ያማሰለ ባልዲ ሙሉ አረፋ ታቅፎ ይቀራል፤ አረፋው እስኪተኛ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ነው። ጨው ለብቻው በውሃ ሟሙቶ በመጨረሻ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ሳሙናውን የሚያወፍረው እሱ ነው፤ ልኩን ካለፈ ግን መልሶ ያቀጥነዋል። ልጆቹ ለ20 ሊትር የተመዘነውን ጨው በሙሉ ለሙከራ በተዘጋጀው 5 ሊትር ላይ ገለበጡትና ሳሙናው እንደ ውሃ ሆነ። አልደፋነውም፤ በቀጣዮቹ ዙሮች በጨው ውሃ ፋንታ ጥቂት ጥቂት እየጨመርንበት አለቀ።

ከሳሙናው ይልቅ ያስቸገረን ዋጋው ነው። የመጀመሪያው ዙር ግብዓት 900 ብር ስለፈጀ ልጆቹ ለ20 አካፍለው ሊትሩን 45 ብር አሉት፤ በ60 ሸጡና ትርፍ አገኘን ብለው አጨበጨቡ። ጠርሙሱን ግን ረስተዋል፤ አንዱ 18 ብር ነበር። የትራንስፖርቱ 80 ብር ሲካፈል ደግሞ 4 ብር ይመጣል። ትክክለኛው ወጪ 67 ብር ስለነበር በእያንዳንዱ ጠርሙስ 7 ብር ከስረናል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ዋጋው 95 ብር ሆነ።

ከዚያ ዱቤ መጣ። በሦስተኛው ዙር 8 ጠርሙስ በዱቤ ሄደ። ሒሳቡን የያዝንበት ኤክሴል 560 ብር ትርፍ ያሳያል፣ ከዙሩ በእጅ የገባው ግን 1,140 ብር ብቻ ነው፤ የወጣው 1,340። ትርፍና ጥሬ ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን ከማንኛውም የክፍል ማስታወሻ ይልቅ ያስረዳው ይህ ነው። ሌላው ጣጣ፣ አንዳንዱ ልጅ በሴሉ ውስጥ «95 ብር» ብሎ መጻፉ ነበር፤ ኤክሴል እንዲህ ያለውን እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው ድምሩ ሳይነካው ያልፋል። ቁጥሩ ብቻ ይጻፍ፣ «ብር» የሚለው በዓምዱ ራስ ላይ ይቀመጥ።

ዓመቱ ለትምህርት የተመቸ ነበር። ጥቅምት ላይ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በቴሌብር በኩል ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ጥር 2 ቀን አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ገበያ ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ግን መልሱ እዚሁ ነበር፦ ሁለት አክሲዮን የነበራት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት ቤት ስትቀይር ማን፣ በስንት ይግዛት? ደንባችን ስለዚህ አንዲት መስመር አልነበረውም። ከብዙ ክርክር በኋላ ሌላ አባል በ50 ብር ሒሳብ ወሰደላት።

ከሰባቱ ዙሮች ትርፍ ላይ 1,530 ብር የመሣሪያ ወጪና 190 ብር ያልተመለሰ ዱቤ ተቀንሶ 1,500 ብር ተረፈ። ግማሹ ለመጪው ዓመት ተቀመጠ፣ ግማሹ ተከፋፍሎ ለአንድ አክሲዮን 12.50 ብር ደረሰ። «25 በመቶ! ባንክ ይህን መች ይከፍላል?» ተባለ። ውሃውና ክፍሉ ግን ያልከፈልንባቸው የትምህርት ቤቱ ናቸው። በየዙሩ ስድስት ልጆች ሁለት ሁለት ሰዓት ሠርተዋል፤ በጠቅላላው 84 ሰዓት። ትርፉ ሁሉ ለዚህ ሰዓት ቢካፈል 18 ብር አይሞላም። ለ2018 በተዘጋጀው ሰንጠረዥ ላይ «ጉልበት» የሚል ዓምድ ገብቷል።