ሁሉን በኔትወርክ ማላከክ ይቅር

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኦንላይን አገልግሎት ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፤ ጥሩ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ግን ፎርሙ እምቢ ሲል የሚሰጠው መልስ ነው። ደውለህ ስትጠይቅ ያው ነው፦ «ኔትወርክ ነው፣ ቆይተህ ሞክር።» ኔትወርካችን እንደሚያስቸግር የማያውቅ የለም፤ ግን ያላጠፋውንም ጭምር ለምን ይሸከማል? ጥፋቱ የማን እንደሆነ እኮ ብዙ ጊዜ እዚያው ብሮውዘሩ ላይ ይታያል።

በቅርቡ አንዲት ዘመዴ የአንድ መሥሪያ ቤት ፎርም ሞልታ «ላክ» ስትል ገጹ ዝም አላት። ደግማ ብትነካውም ዝም። ደወለች፣ ኔትወርክ ነው ተባለች። ላፕቶፑን ተቀብዬ ኪቦርዱ ላይ ኤፍ 12ን ተጫንኩ፤ ገጹ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው የብሮውዘሩ መሣሪያ ተከፈተ። እዚያ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ታብ ከፈትኩ፤ ገጹ የሚልከውና የሚቀበለው ሁሉ እዚያ መስመር በመስመር ይዘረዘራል። «ላክ»ን ስነካ አንድም አዲስ መስመር አልመጣም። መረጃው መንገድ ላይ አልጠፋም፣ ጭራሽ ከላፕቶፑ አልወጣም!

ከዚያ ሶርስስ ወደሚለው ታብ ገብቼ ቁልፉ ሲነካ የሚሠራው ኮድ ላይ ብሬክፖይንት (ማቆሚያ ምልክት) አስቀመጥኩ። ኮዱ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ አንድ አንድ መስመር እያስኬዱ ምን እንደያዘ ማየት ነው። ስልክ ቁጥሩ ጋ ስንደርስ ጉዱ ወጣ፦ በ09 የማይጀምር ቁጥር አይቀበልም። የእሷ ሳፋሪኮም ነው፣ በ07 ይጀምራል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ያንን መስመር ዞር ብሎ ያየው የለም። የስህተት መልእክት እንኳ ተጽፎለታል፣ ግን ገጹ ላይ ተደብቆ ስለቀረ ማንም አያየውም።

ሁሌ እንዲህ መቆፈር አያስፈልግም። ኔትወርክ ታቡ ውስጥ ጥያቄው መስመር ላይ 500 የሚል የመልስ ቁጥር ከመጣ ጥፋቱ የሰርቨሩ፣ ማለትም የእነሱ ኮምፒውተር ነው። 404 ከሆነ የተጠራው ነገር እዚያ የለም። ጥያቄው ወጥቶ ምንም መልስ ሳያገኝ ከቀረ፣ እሺ፣ ያኔ ኔትወርክንም እንጠርጥር።

የዘመዴን ፎርም ስህተት በስክሪንሹት ለመሥሪያ ቤቱ ላክኩላቸው። መልሱ? «ሲስተማችን ውስጥ ማን አስገባህ?»

ማንም አላስገባኝም። ብሮውዘሩ የሚያሳየኝ ኮድ እነሱ ራሳቸው ወደ ላፕቶፑ የላኩት ነው። እዚያ ላይ የምቀይረው ነገር የሚታየው ለእኔ ብቻ ነው፣ ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርገው ይጠፋል። በእርግጥ ይህ ፍርሃት የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 የሴንት ሉዊስ ፖስት-ዲስፓች ጋዜጣ ዘጋቢ በአንድ የመንግሥት ድረ ገጽ ሶርስ ኮድ ውስጥ የመምህራን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (በምስጢር የሚያዝ የግል መለያ ቁጥር) አገኘ። ጋዜጣው ቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ነግሮ፣ እስኪስተካከል ዜናውን አቆየ። ገዥው ማይክ ፓርሰን ግን ሀከር ነው ብለው ይከሰስ አሉ። በቀጣዩ ዓመት ዐቃቤ ሕጉ ክስ አልመሠርትም ብሎ ተዘጋ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «ይህችን ኮድ ኮንሶል ላይ ፔስት አድርግ» የሚላችሁን ሰው አትስሙ (ኮንሶል እዚያው መሣሪያ ውስጥ ኮድ ተጽፎ የሚሠራበት ታብ ነው)፣ አካውንታችሁን ሊወስድ ነው። ሃር የሚባለውን፣ የኔትወርክ ታቡ ዝርዝር የሚቀመጥበትን ፋይልም ለማታውቁት አትላኩ፤ የገባችሁበት ሴሽን፣ ማለትም ያለ ፓስወርድ በእናንተ ስም ሊያስገባ የሚችል መረጃ፣ ውስጡ ሊኖር ይችላል። ስክሪንሹት ይበቃል፣ እሱም የግል መረጃችሁ ተሸፍኖ።

መሥሪያ ቤቶችን የምለምነው ቀላል ነው፦ ገጹ ላይ ችግር ማሳወቂያ ኢሜይል አስቀምጡ፣ የሚያነበውም ኮዱን የሚነካው ሰው ይሁን። የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፣ እስቲ የቢሮውን ዋይፋይ ትታችሁ ሞክሩት። ክሮም ላይ እዚያው ኔትወርክ ታብ ውስጥ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ አለ። አንድሮይድ ስልክም በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታችሁ ገጹ ስልኩ ላይ እንዴት እንደሚሠራ በዚሁ መሣሪያ ማየት ትችላላችሁ። መስመሩ ሲንቀራፈፍ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ ይነካል፤ ሁለቴ ቢነካው ሁለቴ ይመዘገባል ወይ? እሱንም ከመልቀቃችሁ በፊት እዩት።

አንድ የድረ ገጽ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ